ዓድዋ ያልዘመተው ጠመንጃ

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ራጉኤልን የሚሳለመው ሰው ብዙ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለውን ዳገት ከፊሉ በታክሲ፣ ከፊሉ በእግሩ ይያያዘዋል። በዚያን ቀን እኔ ከእግረኞቹ ወገን ነበርኩ። ቅዳሴው አልቆ ሰው በየዛፉ ጥላ አረፍ ሲል፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከአጠገቤ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋር ወሬ ጀመርን። ወሬያችንም እንደ ወጉ ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ፣ በልጆች ጠባይ በኩል አልፎ፣ ዓድዋ ላይ ደረሰ። ከእንጦጦ አናት ላይ ተቀምጦ ስለ ምኒልክ አለማውራት የሚቻል አይመስለኝም።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እጽፋለሁ አባባ። የታሪክ ነገር እወዳለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ እግዜር ነው ያገናኘን። አያቴ ዓድዋ የዘመቱበት ምንሽር ቤቴ አለ። ፈቃዱም በእጄ ነው። ልጆቹ ፒያሳ ለተሠራው የዓድዋ መታሰቢያ እንስጠው ይሉኛል። ከመስጠታችን በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ምን ይመስልሃል?»

የጦር መሣሪያ ባለሙያ አለመሆኔን ነገርኳቸው። ሆኖም ቀደም ብሎ ለሌላ ጽሑፍ ስል ስለ አሮጌ ጠመንጃዎች ምልክት ብዙ ገጽ አገላብጬ ነበርና ጉጉቱ አሸነፈኝ። «እስኪ ልየው» ብዬ ተከተልኳቸው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ጥቂት እንደሄዱ ነው። ጠመንጃው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥን ጀርባ ቆሟል። አንድ የልጅ ልጃቸው ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ገዝቶ አጠገቡ አስቀምጧል። ለሙዚየም ከመሰጠቱ በፊት «እንዲያምር» አስቦ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ቤት ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ስለዚህ ተራራና ስለ ጠመንጃ ትንሽ ላውጋህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

የጠመንጃ ገበያ በእንጦጦ

ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ባደረጉበት ዘመን ይህ ተራራ የጸሎት ሥፍራ ብቻ አልነበረም። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በደናክል በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ከንጉሡ ጋር የሚገናኝበት አደባባይም ነበር። ንጉሡ ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ነፍጥ ነው።

በ1879 ዓ.ም. ወደዚህ ተራራ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ አርቱር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በባለቅኔነቱ ነው። ያኔ ግን ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ የተነሣ ነጋዴ ነበር። አንኮበር ቢደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ተከትሏቸው እንጦጦ መጣ። ምኒልክም በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው የተመለሱበት ሰሞን ነበርና ገበያው እንደ ራምቦ ምኞት አልሆነም። ንጉሡ ዋጋውን አወረዱበት፤ በሞተው የንግድ ሸሪኩ ዕዳ የተነሣም ከሒሳቡ ተቆረጠበት። ራምቦ ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ሸቀጡ ምን ዓይነት እንደሆነ አልደበቀም። ከአርባ ዓመት በፊት ከአውሮፓ ጦር የተጣሉ፣ በከብሱል የሚተኮሱ ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሊዬዥ ከሚገኙ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛሉ፤ በሸዋ ግን 40 ፍራንክ ያህል ያወጣሉ ሲል ጽፏል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ኢትዮጵያ የገቡት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ሲገቡም አሮጌ ነበሩ። ሌላ አገር አገልግለው፣ ባለቤት ቀይረው፣ አንዳንዶቹም ተጠግነው ነው የመጡት። ስለዚህ አንድን ጠመንጃ «መቼ ተሠራ?» ብሎ መጠየቅና «መቼ ኢትዮጵያ ገባ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ «ማን ተኮሰበት?» የሚለው ነው። ብረቱ የመጀመሪያውን ይመልሳል፤ ሁለተኛውን በከፊል ይጠቁማል፤ ለሦስተኛው አፉ የተለጐመ ነው።

ስማቸው ሲመነዘር

ሕዝባችን ለጠመንጃ ያወጣው ስም ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። «ሰናድር» ስናይደር ከሚለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ስም የመጣ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ላይ የተኮሰው እርሱ ነበር። ከጐኑ ባለው የብረት ገበታ ላይ ዘውድና ዓመት ተቀርጾበታል። «ውጅግራ» ፉዚ ግራ፣ ማለት «የግራ ጠመንጃ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ተጨምቆ የወጣ ነው፤ ግራ የፈለሰፈው መኮንን ስም ነው። «ለበን» ለበል ነው። «ምንሽር» ማንሊኸር ከሚለው የኦስትሪያ ስም እንደመጣ ይነገራል። «በልጅግ» አገሩን ቤልጂግን ይዞ ቀርቷል።

ረሚንግተን ደግሞ ወደ አገራችን በብዛት የገባው በግዢ ብቻ አይደለም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ዐፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ የተማረከው ጠመንጃ በአብዛኛው ረሚንግተን ነበር። የዚህን ጠመንጃ የኋላ ልሳን የሚያይ ሰው ኢልየን፣ ኒው ዮርክ የሚለውን የፋብሪካውን አድራሻና የፈጠራ መብቱ የተመዘገበባቸውን የ1864 እና የ1866 ቀኖች እ.ኤ.አ. ያነባል። ከዚያው ላይ የዐረብኛ ቁጥር ካገኘ በካይሮ በኩል የመጣ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። አሜሪካ ተወልዶ፣ ግብፅ አገልግሎ፣ ትግራይ ላይ የተማረከ ብረት ማለት ነው።

ለዓድዋ ዘመን ዋነኛው ውጅግራ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የጸደቀ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፣ 11 ሚሊሜትር የሚሆን ወፍራም እርሳስ የሚተፋ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ በአንዳንድ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ እስከመዋል ደርሶ ነበር። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የጠመንጃ ታጣቂ ከ80,000 እስከ 100,000 ይደርስ ነበር ብለው የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ያን ሁሉ ሰው ያስታጠቀ አንድ ዓይነት ጠመንጃ አልነበረም። ከዚህ ሁሉ ስም ውስጥ የቱ በየትኛው እጅ እንደነበረ መለየት የሚቻለው ብረቱን በማንበብ ነው።

ብረት እንዴት ይነበባል?

ማንበቡ ምሥጢር የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ ብርሃን በጐን እንዲወድቅበት አድርጎ መስኮት አጠገብ ማጋደም። የደበዘዘ ፊደል ካለ ጠመኔ በጣት ቀባ አድርጎ በስሱ መጥረግ፤ ነጩ ዱቄት ከተቀረጸው ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ብቅ ይላል። ወይም ቀጭን ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ማሸት ነው። ልጆች ሆነን በሳንቲም ላይ ያደረግነው ጨዋታ ነው።

ቀጥሎ አራት ነገር ይፈለጋል።

የመጀመሪያው ስምና ዓመት ነው። በውጅግራ ላይ ይህ በግራ ጐኑ ተጽፎ ይገኛል። የፋብሪካው ከተማ፣ ለምሳሌ ሴንት ኤቲየን፣ ከዚያም ሞዴል 1874 የሚለው። «ኤም 80» የሚል ከተጨመረበት በ1880 እ.ኤ.አ. የተደረገለትን ማሻሻያ ያገኘ ነው። የውጅግራ ሳንጃ ከጠመንጃውም ይልቅ ይናገራል። በስለቱ ጀርባ ላይ ባማረ የእጅ ጽሕፈት የተሠራበት ቦታ፣ ወርና ዓመት ተቀርጿል። በየቤቱ ሥጋ የሚቆረጥበት አሮጌ ሳንጃ ሁሉ ጀርባው ቢታይ ስንት የልደት ቀን በተነበበ!

ሁለተኛው ቁጥር ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች አንድን ጠመንጃ ሲገጣጥሙ ተከታታይ ቁጥሩን በበርሜሉም፣ በሌሎቹ ክፍሎችም፣ በእንጨቱም ላይ ይመቱ ነበር። የትኞቹ ክፍሎች ቁጥር እንደሚመታባቸው ከአገር አገር ይለያያል። ቁጥሮቹ ከተስማሙ ክፍሎቹ አብረው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። ካልተስማሙ አንዱ በመንገድ ተለውጧል።

ሦስተኛው እንጨቱ ነው። የፋብሪካ ሰደፍ ክብ ማኅተም ይታተምበታል፤ ማኅተሙ ከእንጨት ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

አራተኛው የአፈሙዙ ስፋት ነው፤ እዚህ ላይ ስንቱ ተሳስቷል። ኢጣሊያኖች ዓድዋ ላይ በብዛት የያዙት ቬተርሊ የሚባለውን፣ አራት ጥይት የሚጐርሰውን ጠመንጃ ነበር። ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር ነው። በበርሜሉ ግራ ጐን ቶሪኖ ወይም ብሬሺያ የሚል የከተማ ስምና 1870ዎቹን ወይም 1880ዎቹን እ.ኤ.አ. የሚያሳይ ዓመት አለበት። ይህን ያነበበ ሰው «የዓድዋ ምርኮ ነው!» ብሎ ቢጮህ አይገርምም። ነገር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢጣሊያ መሣሪያ ሲያጥራት ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምራ ብዙ ቬተርሊዎችን ከመጋዘን አውጥታ በበርሜላቸው ውስጥ ሌላ ጠባብ ቱቦ አስገብታ 6.5 ሚሊሜትር አድርጋቸዋለች። እነዚህ የታደሱት ከጊዜ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ተልከዋል። ስለዚህ ዓመቱ 1880ዎቹን ቢልም፣ አፈሙዙ ጠባብ ከሆነ፣ ጠመንጃው 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አልተማረከም። ተማርኮ ቢሆን ኖሮ ኢጣሊያ ተመልሶ ሊታደስ አይችልም ነበርና።

ይህን ሁሉ ስናገላብጥ አንድ ሕግ ይወጣል። ብረት «አይደለም» ማለት ይችላል፤ «ነው» ማለት ግን አይችልም። 1878 እ.ኤ.አ. የሚል ውጅግራ ዓድዋ ሊዘምት ይችል ነበር፤ መዝመቱን ግን ፊደሉ አይመሰክርም። ከ1896 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ጠመንጃ ግን የቱንም ያህል ሽማግሌ ቢምልለት ዓድዋን አላየም።

ነጠላው ሲፈታ

አሁን ወደ አዛውንቱ ቤት እንመለስ።

ነጠላው ሲፈታ ልቤ ስንጥቅ አለ። ገና ሳልነካው ውጅግራ አለመሆኑን አየሁ። አጭር ነው፤ ለፈረሰኛ የተሠራ። ከአፈሙዙ ሥር ታጣፊ ሳንጃ የነበረበት ማጠፊያ ቀርቶበታል፤ ሳንጃው ራሱ ግን የለም። ከምላጩ ፊት ለፊት ስድስት ጥይት በአንድ ጊዜ የሚጐርሰው ሆዱ ወጣ ብሏል። ባለቤቱ ምንሽር ይበሉት እንጂ ይህ ካርካኖ የሚባለው የኢጣሊያ ጠመንጃ ነው። በእርግጥ የካርካኖ ሞዴል በ1891 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ስለሆነ፣ ሞዴሉን ብቻ የሚያይ ሰው «ከዓድዋ በፊት ነው» ሊል ይችላል። ሞዴል የጸደቀበት ዓመትና ጠመንጃው የተሠራበት ዓመት ግን አንድ አይደሉም።

ጠመኔ ለመንኩ። የልጅ ልጃቸው ሮጦ አመጣ። ከበርሜሉ ሥር ቀባሁና ጠረግሁት። መጀመሪያ ብሬሺያ የሚለው ወጣ። ከዚያ 1937። ከዚያ አጠገቡ በሮማውያን ቁጥር ዐሥራ አምስት።

ይህ ዐሥራ አምስት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል። ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር። ዐሥራ አምስተኛው ዓመታቸው ከጥቅምት 1936 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛው 1929 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ይህ ጠመንጃ ከፋብሪካ የወጣው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በተፈጸመበት ዓመት አካባቢ ነው። ዓድዋ ካለፈ አርባ ዓመት ሆኖታል።

«ምን ይላል?» አሉኝ አዛውንቱ።

ሰው ቤት ገብቶ፣ ቡናቸውን ጠጥቶ፣ የአያታቸውን ታሪክ ማፍረስ ደስ የሚል ሥራ አይደለም። እውነቱን ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው «ተሳስተህ ይሆናል» አለኝ። ልክ ነው፤ መጠርጠር ይገባው ነበር። ጠመኔውን ሰጠሁትና ራሱ አነበበው።

ከዚያ ሰደፉን አገላበጥነው። በግራ ጐኑ ቁጥር አለ፤ ከበርሜሉ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እንጨቱ ከሌላ ካርካኖ የተወሰደ ነው። አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበርና በእርጥቡ የተሰፋ ጠፍር ተጠምጥሞበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ስንጥቁን እንደ ብረት ጨምድዶ ይዞታል። ከጠፍሩ በላይ በቢላዋ የተፈለፈለ ትንሽ መስቀልና አንድ ፊደል ይታያል።

አዛውንቱ ፊደሉን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «ይኼ የአያቴ ስም መነሻ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «የአባቴ ነው።»

አምስቱ ዓመት

አባታቸው የዓድዋ ሰው አልነበሩም። ጠላት አገሪቱን በያዘ ጊዜ ጐልማሳ ነበሩ። ታዲያ የፋሽስት ጠመንጃ እንዴት እጃቸው ገባ?

በዚያን ዘመን የጠላት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ የሚገባበት መንገድ ቢያንስ አራት ነው። አንደኛው ምርኮ ነው። አርበኞች የጠላትን የመኪና ሰልፍና ምሽግ እየመቱ የሚታጠቁት በጠላት መሣሪያ ነበር። ሁለተኛው ክዳት ነው። ለጠላት ባንዳ ሆኖ ከታጠቀው ሰው ውስጥ መሣሪያውን እንደያዘ ወደ አርበኛው የኰበለለ ብዙ ነው። ሦስተኛው በ1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ሲፈርስ የተጣለውን ማንሣት ወይም ከገበያ መግዛት ነው። አራተኛውን ለመናገር አፍ ይከብዳል። ባንዳ ሆኖ መቀበል ነው።

ብረቱ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። መስቀሉም አይነግረንም፤ አርበኛም ባንዳም ክርስቲያን ነበርና። ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ መዘርዘር አላስፈለገኝም። እርሳቸው ራሳቸው አራቱንም ያውቁ ኖሯል።

«አባቴ ስለ አምስቱ ዓመት አይናገሩም ነበር» አሉኝ። «ስንጠይቃቸው፣ አያታችሁ ዓድዋ ዘምተዋል፣ እርሱ ይበቃችኋል ይሉን ነበር። እኛም ጠመንጃውን ከአያታችን ጋር አዛመድነው። ማንም አልዋሸም፤ ዝም ብሎ እንዲያ ሆነ።»

ይህ አነጋገራቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ስንት ቤት እንዲህ ሆኖ ይሆን? ዓድዋ ትልቅ ስም ነው። ትልቅ ስም ደግሞ እንደ ትልቅ ዋርካ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም። አሮጌ ጠመንጃ፣ አሮጌ ጐራዴ፣ አሮጌ ጋሻ ሁሉ ጊዜው ሲረሳ ወደ ዓድዋ ይጠጋል። ይህ ለዓድዋ ምንም አይጨምርለትም፤ ካልተነገሩት ዘመናት ላይ ግን ይቀንሳል። የአምስቱን ዓመት ጠመንጃ «የዓድዋ» ስንለው፣ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ከጠላት ነጥቆ የታጠቀውን አርበኛ ድካሙን እናጠፋበታለን። ባንዳም ከሆነ መጠየቅ የሚገባንን ጥያቄ ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። በሁለቱም በኩል የሚጐዳው እውነቱ ነው።

«ኦሪጅናል» ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩን ከእንጦጦ አርቀን ብንመለከተው ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ የአሮጌ መሣሪያ ገበያ ላይ በብዛት ቀርበዋል። ውጅግራው፣ ቬተርሊው፣ ረሚንግተኑ፣ ካርካኖው ሁሉ አለበት። በዚያ አገር ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን እንደ ማንኛውም መሣሪያ በሕግ ይያዛል፤ ከውጭ ሲገባም የአስመጪው ስም ይመታበታል። እንግዲህ ለእኛ መለያው 1888 ዓ.ም. ሲሆን ለእነርሱ 1898 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ የምንጠይቀው ለክብር፣ እነርሱ የሚጠይቁት ለሕግና ለዋጋ ነው።

የዚያ አገር ሰብሳቢ አንድን ጠመንጃ «ኦሪጅናል» የሚለው ሁሉም ክፍሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ሲገኝ ነው። ቁጥሩ ሁሉ ሲገጥም፣ እንጨቱ ሳይለወጥ፣ ማኅተሙ ሳይጠፋ። ለአውሮፓ ፋብሪካ ታሪክ ይህ ትክክለኛ መመዘኛ ነው። በዚህ መመዘኛ የአዛውንቱ ካርካኖ የወደቀ ነው። ሰደፉ የሌላ፣ ሳንጃው የለም፣ አንገቱ በጠፍር ታስሯል።

ለኢትዮጵያ ታሪክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከብሬሺያ የወጣው በርሜል የሚነግረን የብሬሺያን ታሪክ ነው። የማይገጥመው ቁጥር ግን አንድ ሰው ከሁለት የተሰበሩ ጠመንጃዎች አንድ ደህና እንዳወጣ ይነግረናል። ጠፍሩ ቆዳ የመስፋት ሙያ ያለው እጅ ሰደፉን እንዳዳነው ይነግረናል። መስቀሉና ፊደሉ «የእኔ ነው» ያለ ሰው እንደነበር ይነግረናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለቤልጂግ ፋብሪካ አዝዘው ባስመጧቸው በልጅጎች ላይ የይሁዳ አንበሳ ተመቶባቸዋል፤ ያ የመንግሥት ማኅተም ነው። በቢላዋ የተፈለፈለው ፊደል ደግሞ የባላገሩ ማኅተም ነው። ለእኛ ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው።

ብርጭቆ ወረቀቱና ቫርኒሹ ያስፈሩኝም ለዚህ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ዝገትን ብቻ አይፍቅም፤ 1937ንም፣ መስቀሉንም፣ ፊደሉንም አብሮ ይፍቃል። ጠፍሩን ፈትቶ አዲስ ሰደፍ መግጠምም ያው ነው። እንዲህ የተወለወለ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያበራል፤ ሲጠይቁት ግን ምንም የሚመልሰው የለም። ለአሮጌ ብረት የሚያስፈልገው ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ጥቂት ቀጭን ዘይትና ከእርጥበት መራቅ ነው። ለእንጨቱ ደግሞ አለመንካት።

ከመሄዴ በፊት

አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ቡና ድረስ አላወሩም። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ።

«በል ጻፍ» አሉኝ።

«እርስዎ ቢጽፉት ይሻላል አባባ። የእርስዎ እጅ ጽሕፈትም ነገ ማስረጃ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው በዝግታ ጻፉ። በ1929 ዓ.ም. ገደማ ኢጣሊያ አገር ብሬሺያ የተሠራ ጠመንጃ መሆኑን፣ በላዩ ያለው ፊደል የአባታቸው ስም መነሻ እንደሚመስል፣ ከአባታቸው እንደወረሱት። ቀጥሎ ብዕሩ ቆመ። የልጅ ልጃቸው «አርበኛ ነበሩ ብለው ይጻፉ» አላቸው። ቀና ብለው አዩት።

«አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አሉና «እንዴት እንዳገኙት አልነገሩንም» ብለው ጻፉ። ቀኑንና ስማቸውንም አኖሩበት።

ልጁ ወረቀቱን በሙጫ ሰደፉ ላይ ሊለጥፍ ሲል ከለከልኩት። በቀይ ክር ከምላጩ ቀለበት ላይ አሰሩት። ፒያሳ ወስደው ሊሰጡት ያስቡ እንደሆን ስጠይቃቸው፣ ከተቀበሏቸው በዚህ ወረቀት እንዲቀበሏቸው፣ ካልተቀበሏቸው ግን ቤታቸው እንደሚኖር ነገሩኝ። ከዚያ በነጠላው መልሰው ጠቀለሉት። ልጁም ብርጭቆ ወረቀቱን ወደ ገዛበት ሱቅ ሊመልስ ቁልቁል አብሮኝ ወረደ።